በነሐሴ ሙቀት በበረዶ ጎማ ላስነዱን ሥራ አስኪያጅ

ለተከበሩ ሚስተር ሃርላን ፕሪቸት
የኬትል ፎርክ ወረዳ የሕሙማን ማመላለሻ አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ፣ ሰሜን ኦንታሪዮ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም የተሟላ ጤና፣ በተለይም የሁለቱንም ኩላሊቶችዎን ደኅንነት ከልብ እመኛለሁ። ኩላሊቱ የከዳው ሰው የእርስዎን ሚኒባስ መሳፈር ግድ ይሆንበታልና ይህን ዕጣ ለማንም አልመኝም።

ስሜ ቬርና ላማርሽ ይባላል። ጡረታ እስክወጣ በትምህርት ቤታችን ወጥ ቤት ሳገለግል ኖሬ፣ ዛሬ ለኩላሊት እጥበት ተንደር ቤይ ከተማ ሆስፒታል ድረስ ከሚመላለሱት ደንበኞችዎ አንዷ ነኝ። ባለፈው ነሐሴ ኦርቪል ስቲንሰን የሞተ ዕለት እዚያው መኪና ውስጥ፣ ከእሱ በስተኋላ ተቀምጬ ነበር። ጽሕፈት ቤትዎ ጉዳዩን መርምሮ ከዘጋው ወዲህ ምስጋናዬን ፊት ለፊት ለማቅረብ ደጋግሜ ቀጠሮ ብጠይቅም ሥራ ስለሚበዛብዎ አልተሳካልኝም። ውለታዎ ተሸፍኖ እንዳይቀር በከተማችን ጋዜጣ ላይ በይፋ ላመሰግንዎ መገደዴን በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጎማዎቹ አመሰግናለሁ። ከእርስዎ በፊት የነበሩት ኋላ ቀር ሰዎች በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ የበረዶውን ጎማ አስወልቀው ለሐምሌና ለነሐሴ ሙቀት የሚሆነውን የበጋውን ያስገጥሙ ነበር። እርስዎ ግን ሥራ እንደያዙ ይህ መኪናን ያለ ሥራ ማስቆም ነው ብለው አስቀሩት፤ የበረዶው ጎማ ዓመቱን ሙሉ እንዲነዳ አዘዙ፤ ለዚህም በወረዳው ስብሰባ ላይ ተጨበጨበልዎ። የበረዶ ጎማ ላስቲኩ በብርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስላሳ ሆኖ እንደሚሠራ፣ በጋለ አስፋልት ላይ ግን ተልፈስፍሶ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ጥርሱ ካለቀ በኋላም ዝናብ ሲመጣ መሬት መያዙን ትቶ ውሃው ላይ እንደሚንሳፈፍ እዚህ አገር መንጃ ፈቃድ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃል። እርስዎን የመሰለ ባለሥልጣን እንዲህ ባለ ተራ ዕውቀት ሐሳቡን እንዳይበትን መጠንቀቁ ያስመሰግነዋል።

ሁለተኛ፤ ስልክዎን ስላነሱ አመሰግናለሁ። ሐምሌ ውስጥ፣ ከከተማ ስንመለስ፣ ሾፌራችን ራይኖ ሃካላ በመኪናው ስልክ ደውሎልዎት ነበር። እጁ መሪው ላይ ስለነበረ ድምፅዎ በማጉያው ለሁላችንም ይሰማ ነበር። ራይኖ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ የነዳ፣ ብዙ መናገር የማይወድ ሰው ነው። ጎማዎቹ ማለቃቸውን፣ ፍሬን ሲይዝ መኪናው እንደ ቀድሞው እንደማይቆምለት፣ ቢያንስ የፊቶቹ እንዲቀየሩለት በለዘበ ድምፅ ነገረዎ። መልስዎን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«በበረዶ ላይ የሚይዝ ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ እንዴት አይይዝም? ራይኖ፣ አንተ ዝም ብለህ ንዳ።»

ስልኩ እንደተዘጋ ኦርቪል ወደ እኛ ዞሮ፣ «ይሄ ሰውዬ በሐምሌም ካፖርቱን ለብሶ ነው እንዴ የሚተኛው?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ራይኖ ብቻ አልሳቀም።

ኦርቪልን አያውቁትምና ላስተዋውቅዎ። በጫካ ግንድ ሲቆርጥ የኖረ፣ እግሩ እጅግ ረጅም ስለሆነ ሁልጊዜ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጥ ሽማግሌ ነበር። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ዳቦና ኬክ መጋገር ተምሮ፣ ሐኪም ለራሱ የከለከለውን የቅቤ ኬክ እየጋገረ ለነርሶቹ ይወስድላቸው ነበር። ከዚያ የስልክ ንግግር ወዲህ ራይኖ በጣም እየቀነሰ ይነዳ ጀመር፤ ኋላችን የተሰለፉ መኪኖች ጡሩምባ እየነፉ ያልፉናል። ኦርቪልም፣ «ራይኖ፣ በዚህ አነዳድህ ከተማ ሳንደርስ ደሜ መንገድ ላይ በራሱ ተጣርቶ ያልቃል» እያለ ያበሽቀው ነበር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ ስነሳ ብዙ ጊዜ ብዕሬን አስቀምጫለሁ፤ ስለዚህ ቢያጥር ይቅርታዎን እለምናለሁ። ያን የነሐሴ ዕለት ቀኑን ሙሉ ሲያቃጥል ውሎ ወደ ሐይቁ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። ከታች መንገድ ይጠገን ስለነበር አንዲት ሠራተኛ የማቆሚያ ምልክት ይዛ፣ ከፊቷ ግንድ የጫነ መኪና ቆሞ በሩቁ ይታየናል። ራይኖም አይቷል፤ ገና ከሩቅ ፍሬን ያዘ። መኪናው ግን አልሰማውም። ጎማው ሲጮህ እንኳ አልሰማሁም፤ ዝም ብለን፣ እንደ ጀልባ፣ ወደዚያ ግንድ መንሸራተት ብቻ ሆነ። ግንዱ ሥር ብንገባ አንዳችንም አንተርፍም ነበር። ራይኖ መሪውን ወደ ቀኝ አዙሮ መንገዱ ሲወጣ ከተቆረጠው የዳር ቋጥኝ ጋር አላተመን። የተላተመው የኦርቪል ወገን ነው። አምቡላንስ እስኪመጣ ከመቀመጫዬ ሆኜ ትከሻውን ይዤ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ሌሎቹስ ደኅና ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ደኅና ናቸው አልኩት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

አራተኛ፤ ስለ ምርመራዎ አመሰግናለሁ። የምርመራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ራስዎ መሆንዎ ጉዳዩን በቅርብ ከሚያውቀው ሰው እጅ አላወጣውም። አደጋው የደረሰው ሾፌሩ ለአየሩ ጠባይ የማይስማማ ፍጥነት በመንዳቱ ነው ብለው ደመደሙ፤ ስለ ጎማ የደወለልዎ ሰው ስለመኖሩ ትዝ እንደማይልዎትም ተናገሩ። እኔ ተነሥቼ የሰማሁትን ስናገር በትዕግሥት ካደመጡኝ በኋላ፣ እጥበት የሚደረግላቸው ሰዎች ድካም ስለሚበዛባቸው ነገር ሊቀላቀልባቸው እንደሚችል ለኮሚቴው በርኅራኄ አስረዱልኝ። ደሜን የሚያጥበው ማሽን ትዝታዬንም አብሮ እንደሚያጥብ እስከዚያን ቀን አላውቅም ነበር።

ራይኖ ከሥራ ተሰናበተ። በስብሰባው ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ሲያይ ቆየና ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከቤት አልወጣ አለ። ስሄድበት አይከፍትልኝም፤ እኔም ሾርባ እየሠራሁ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ እመለሳለሁ። ጥቅምት ሲገባ አንድ ቀን ከፈተልኝና ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀመጥን። ጢሙ አድጓል፤ ራሱን አልመሰለኝም። ሁላችንንም ያተረፈን እሱ መሆኑን፣ ያን መሪ ባያዞር ይህን ሾርባ የሚያመጣለት ሰው እንደማይኖር ነገርኩት። «ቬርና፣ እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር» አለኝ። «አውቃለሁ፤ አይቻለሁ» አልኩት። «አሁንም እዚያው ነው» አለኝ። ዝቅ ብዬ ሳየው እውነትም ቀኝ እግሩ የወጥ ቤቱን ወለል ተጭኖ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን እግር ለሚቀጥለው ኮሚቴዎ በማስረጃነት ባቀርበው ደስ ይለኝ ነበር፤ ባለቤቱ ግን በረዶው ቀልጦ ሲያልቅ እህቱ ወዳለችበት ከተማ ሄደ። መንዳት ስለተወ በአውቶቡስ ነው የሄደው። የሸኘሁት እኔ ነኝ።

አምስተኛና የመጨረሻው፤ ለመኪናችን አዲስ ጎማ ስለገዙልን አመሰግናለሁ። አዲሶቹ የበረዶ ጎማዎች በኅዳር ገቡ። ይህን ደብዳቤ በምጽፍበት በዚህ በሰኔ ሙቀትም ከመኪናው ጋር ናቸው። መመሪያዎ በአንድ ሽማግሌ ሞት የሚናወጥ አለመሆኑን በማየቴ ጽናትዎን አደንቃለሁ።

ምናልባት ይህች ሴት ይህን ያህል ከመረራት ለምን ትሳፈራለች ይሉ ይሆናል። ጥያቄዎ ተገቢ ነው። እኔ የራሴ መኪና የለኝም፤ ልጆቼም ሩቅ ናቸው። እጥበቴን ብተወው ሰውነቴ በራሱ መርዝ ተሞልቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ እሞታለሁ። ስለዚህ ነገም ቀበቶዬን አስሬ እቀመጣለሁ፤ ከፊቴ ያለውን ወንበር እያየሁ ያን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ደንበኛ እንዲህ ታማኝ ሆኖ የሚገኝበት ሥራ በዓለም ላይ ጥቂት ነውና በዕድልዎ ሊኮሩ ይገባል።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ መንገድዎ ሁሉ ደረቅ፣ መኪናዎም ባዘዙት ጊዜ የሚቆምልዎ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ወደዱም ጠሉም በሕይወት እስካለሁ ድረስ ተሳፋሪዎ የምሆነው፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
ቬርና ላማርሽ
ኬትል ፎርክ፣ ሰሜን ኦንታሪዮ

ማስታወሻ፤ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ፣ ዛሬ ጠዋት፣ መውጫችን ላይ ከባድ ዝናብ ያዘን። አዲሷ ሾፌራችን ሼሊን ቁልፉን በእጇ ይዛ ጎማዎቹን ስታይ ቆየችና፣ «እኔ መመሪያው ንጂ ይላል፤ እናንተ ምን ትላላችሁ?» አለችን። እኛም ዝናቡ እስኪያባራ መኪናው ውስጥ አንገባም አልናት። መኪናው በሚያድርበት ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብለን ጠበቅን፤ ሆስፒታል አርፍደን ስለደረስን የሁላችንም እጥበት በግማሽ ቀርቷል፤ ይህን ስጽፍም ሳይወጣልኝ በቀረው ውሃ እግሬ አብጧል። ለሼሊን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እያረቀቁላት መሆኑን ሰምቻለሁ። እባክዎን ድካምዎ እንዳይበዛ በዚያው ደብዳቤ ላይ የሁላችንንም ስም አንድ ላይ ይጻፉት፤ የእኔ መጀመሪያ ላይ ይሁን።