ትራስሽ ውስጥ የቀረው ትንፋሽ

ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ፣ ለድንቢጤ፣

እንደምን ከርመሻል? ሰውነትሽስ ደህና ነው? ሳልሽስ ለቀቀሽ ወይስ እዚያው ቤት ተከራይቶ ቀረ? እንቅልፍሽ፣ ምግብሽ፣ ሥራሽ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን። እኔ አጎትሽ እንደተውሽኝ ነኝ፤ ፀጉሬ ብቻ ሳያስፈቅደኝ እየሄደ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። እናትሽ አንቺ በደወልሽ ቁጥር ስልኩን ከጆሮዋ ስለማትነቅል በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው።

ለመንገድ የገዛሽው የአንገት ትራስ ትዝ ይልሻል? ልሞክረው ብለሽ ጉንጭሽ እስኪቀላ ነፋሽው፤ ከዚያ በጥድፊያ አልጋሽ ላይ ረስተሽው ሄድሽ። እናትሽ አገኘችውና “ውስጡ ያለው የልጄ ትንፋሽ ነው፤ ማንም እንዳይነካው” ብላ አወጀች። ከዚያ ወዲህ ስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ አንገቷ ላይ ታጠልቀዋለች። ደንበኞቿ አንገቷን ያመማት መስሏቸው “ይማርሽ” ይሏታል። እሷም “አሜን” ትላለች፤ ውሸትም አይደል።

ኋላ ትራሱ ቀስ በቀስ መጉደል ጀመረ። መጀመሪያ መንፊያውን አጥብቃ ዘጋች። በስልክ ስታወሪ ሳል ያቋረጠሽ ቀን ግን ሁለቱን አገናኘቻቸው። “ትራሱ የሚጎድለው የልጄ ጤና ስለጎደለ ነው” አለችና እህል በአፏ አልዞር አለ። እኔም መቀለድ ፈራሁ፤ አስቢው እንግዲህ።

ትራሱን ታቅፋ ጎሚስታ ቤቴ መጣች። እንደማንኛውም ጎማ ውሃ ገንዳው ውስጥ ነከርኩት። ተጫንኩት፣ አገላበጥኩት፤ አንዲት አረፋ የለችም። “የከባድ መኪና ጎማ እጠግናለሁ እያልክ የአንዲት ትራስ ቀዳዳ አቃተህ?” አለችኝ ደንበኛ ፊት። ኮምፕሬሰሩን ሳነሳማ “የማሽን ንፋስ ከልጄ ትንፋሽ ጋር ልትቀላቅል ነው?” ብላ ትራሱን ነጠቀችኝ።

እኔ ደግሞ መች አርፌ! ገበያ እስክትወጣ ጠብቄ፣ በገዛ አፌ ልሞላው መንፊያውን ወደ ከንፈሬ አስጠጋሁ። አጎት ሥጋ አይደለም እንዴ? ለካ ቦርሳዋን ረስታ ተመልሳለች። “በነጭ ሽንኩርት አፍህ!” ብላ የጮኸችው ጩኸት አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

ሌላ መላ ሳጣ የተውሽውን የባዮሎጂ መጽሐፍ አወጣሁ። እኔ ትምህርት ቤትን በአጥሩ በኩል ነው የማውቀው፤ ግን ማንበብ ማን ይከለክለኛል። ሳንባችን ውስጥ እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ ይላል። ግድግዳቸው ከመሳሳቱ የተነሳ፣ አንድም ቀዳዳ ሳይኖረው፣ ኦክስጅን ወደ ደም ይሻገራል፤ የተቃጠለውም አየር ከደም ወደ እነሱ ይመለሳል። ይህን ሳነብ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ። ስስ ላስቲክም እንደዚሁ ሳይቀደድ አየር ያሳልፋላ! የጎማ ነገር ሲሆን መቼም ቶሎ ይገባኛል።

ሄጄ ነገርኳት። መርፌዋ ላይ ክር እያስገባች ሰማችኝና “ታዲያ ከሳሏ ጋር አይገናኝም?” አለች። “ጎማ በተነፈሰ ቁጥር ሾፌሩ የሚታመም ቢሆን እኔን ጎሚስታ ሳይሆን ዶክተር ትሉኝ ነበር” አልኳት። ሳቀች። ሳቋን ከሰማን ስንት ጊዜያችን! ወዲያው ግን ፊቷ መልሶ ጠቆረ። “እሺ፣ ከትራሱ ወጥቶ ወዴት ነው የሚሄደው?” አለችኝ።

በመስኮቱ የሎሚ ዛፋችንን አሳየኋት። ቅጠል ዓይን የማያያቸው ጥቃቅን አፎች አሉት፤ እኛ የተነፈስነውን በነሱ ስቦ በፀሐይ ብርሃን ሰውነቱን ይሠራበታል አልኳት። “ልጅሽ ሥሩ ተቀምጣ ስትለፈልፍ ነው ያደገችው። የዚህ ግንድ ግማሹ የእሷ ወሬ ነው።”

ትናንት ከሰዓት በኋላ ትራሱን ይዛ ወጥታ ዛፉ ሥር ተቀመጠች። “ሳላየው ተሰርቆ ከሚያልቅ እኔው ልሸኘው” አለች። መንፊያውን ከፈተች፣ ጉንጯ ላይ አስጠጋችው፣ ዓይኗን ጨፍና ቀስ ብላ ጨመቀችው። እስከ መጨረሻው እንደዚያው ቆየች። ሲያልቅ ትራሱን እንደ ልብስ አጣጥፋ ሰጠችኝና “ላክላት፤ ስትመጣ ራሷ ነፍታ አንገቷ ላይ አድርጋው ትምጣ” አለች። ማታም ራቷን በላች።

ትራሱ እነሆ ከደብዳቤው ጋር ደርሶሻል። ሞልተሽ በፖስታ እንዳትልኪው፤ ይዘሽው ነይ።

አብራሽ የምትኖረውን ጓደኛሽን ሰላም በይልኝ፤ ማንኮራፋቷ ተሻላት? ደጓን አከራይሽንም እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። እናትሽ ግንባርሽንም ዓይንሽንም ስማለች። ጎረቤታችን ባለ ፋርማሲው ሙቅ ነገር አታጓድዪ ብሎሻል። ድመቷም ደህና ናት፤ አልጋሽን ወርሳለች።

አንድ ነገር ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ትራሱን ስትጨምቅ ከኋላዋ ቆሜ ነበር። ንፋሱ ወደ እኔ ሲመጣ ትንሽ ሳብኩ። ደረቴ እስኪያቃጥለኝ ድረስ አልመለስኩትም።

የሚናፍቅሽ አጎትሽ

ከጎሚስታ ቤቱ፣ ከውሃ ገንዳው አጠገብ
ጥቅምት ፲፪ ቀን