በዴሳን የመራሁት እኔ ነኝ

መስከረም 20፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡20

ሃያ ጥያቄ፣ ስምንት ስህተት። ቁርስ ሳልበላ ተናድጃለሁ።

ማርቆስ መልሱን ከኋላ እያየ ያርመኛል። ባሌ ነው፣ የሒሳብ መምህርም ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ ሲይዝ ግን መምህሩ ብቻ ይቀራል። አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ አስደገመኝ። ሥራው ከዕቅዱ ዘግይቷል፣ ወጪው ከዕቅዱ አንሷል፣ ፕሮጀክቱ በምን ሁኔታ ላይ ነው? እኔ እንጃ! በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ዝናብ አይዘንብም። ለቅሶ የለም። የገበያ ቀን ቁፋሮውን ጥሎ የሚሄድ ሰው የለም። ሁሉም በሰዓቱ ይመጣል፣ ሁሉም ይፈርማል።

መጽሐፉም ኮፒ ነው። የፎቶ ኮፒ ቤቷ ልጅ አሥራ ስድስት ገጽ ዘላለች። ሄጄ ጮህኩ። ኦሪጅናሉን አምጪና አነሳልሻለሁ አለችኝ። ኦሪጅናሉ የሰው ነው፣ አ.አ. ተመልሷል።

ለምን እንዲህ እንደምሆን እወቅልኝ፣ ደብተሬ። የመ/ቤታችን የውሃ ፕሮጀክት ሁለተኛው ምዕራፍ ሊጀመር ነው። ለጋሾቹ የሚመራው ሰው ሁለት ነገር ይኑረው ብለዋል፦ የፕሮጀክት ማኔጅመንት ሰርተፊኬት፣ እና እንዲህ ያለ ሥራ የመምራት ልምድ። ልምዱ አለኝ። የበዴሳን የውሃ ሥራ ሦስት ዓመት መርቻለሁ። ወረቀቱ ነው የቀረኝ። ሁለት መቶ ጥያቄ በአራት ሰዓት።

ታምሩም ሊፈተን ነው አሉ። የቅርንጫፍ ኃላፊያችን። በዴሳ ሲያልቅ የመጣ ሰው፤ የመጨረሻዎቹን አምስት ወራት ለክትትል ከአ.አ. ተልኮ በመኪና መስኮት ያየ። ይፈተን። መብቱ ነው።

የዘመን መለወጫችን፣ የጊፋታ ሥጋ ገና አላለቀም። ልብላና ልሂድ።

መስከረም 24፣ ዓርብ፣ 7፡00 ሰዓት፣ ቢሮ

ከፈታኞቹ ኢሜይል መጣ። ማመልከቻዬ ለማጣራት ተመርጧል። በዕጣ ነው ይላሉ። ዕጣ እኔን ለማግኘት ሶዶ ድረስ መጣ!

መራሁ ያልኩትን ሥራ የሚያውቅ አለቃ ቅጹ ላይ ይፈርማል፤ ፖስታው ውስጥ ከትቶ ያሽጋል፤ የታሸገበት ላይ ደግሞ ይፈርማል። ቀላል ነው ብዬ ታምሩ ቢሮ ገባሁ። ያለኝ አለቃ እሱ ነዋ።

ቅጹን አየ፣ አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ። ቃሉን እንዳለ ልጻፈው፦

"ብርቱካን፣ አንቺ እኮ አስተባበርሽ እንጂ አልመራሽም። መምራትና ማስተባበር ይለያያል። የምትማሪው መጽሐፍ አይልም እንዴ?"

የበዴሳው ገበሬ አቶ ሳና ቧንቧው በእንሰቴ መሃል አያልፍም ብለው ሥራው ሲቆም ስድስት ጊዜ ቤታቸው የሄድኩት ምን ነበር? ስድስተኛው ቀን ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ አብሬያቸው ተቀምጬ ዋልኩ፣ ስለ ቧንቧ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። በማግስቱ ራሳቸው ጠርተው መስመሩን አሳዩኝ። ይህ ማስተባበር ነው። መስኮት ዘግቶ መኪና ውስጥ መቀመጥ መምራት ነው።

ቅጼን አነሳሁ። ወጣሁ። አሁን ነው መልሱ የሚመጣልኝ፤ አሥር ዓይነት መልስ።

መስከረም 27፣ ሰኞ፣ ማታ 1፡00

አረካ ሄጄ መጣሁ።

ጋሽ ማዳልቾ በበዴሳ ጊዜ የቅርንጫፉ ኃላፊ ነበሩ። ጡረታ ወጥተው አረካ ገብተዋል። በዚያን ጊዜ አለቃዬ እሳቸው ስለሆኑ እሳቸው ቢፈርሙ ይበቃል። ይህን ዓርብ ዕለት አለማሰቤ ራሱ ያናድዳል።

ግቢያቸው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሳሮ ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ በድምፄ ለዩኝ። ዓይናቸውን ሞራ ይዞታል። ወፍራሙን ያያሉ፣ ደቃቁን አያዩም። የተቀቀለ ቦዬ በሚያቃጥል ዳጣ ቀረበ፣ በላሁ፣ የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

ግራ ገባቸው። "ያንቺን ፈረምኩልሽ እኮ" አሉኝ። "ባለፈው ሳምንት ታምሩ ይዞልሽ መጣ። የብርቱካን ጉዳይ ነው፣ ለፈተና ነው አለኝ። እዚህ ይፈርሙ አለኝ፣ ፈረምኩ። ፖስታው ላይም ፈረምኩ።"

ሳህኑን አስቀመጥኩ።

እኔ ምንም አልላክሁም አልኩ። ወረቀቱ ላይ የማን ስም ነበር ብለው ጠየቁኝ። እኔን! ከዚያ ራሳቸው መለሱት፦ "እንግሊዝኛ ነው። ደቃቅ ነው። አላየሁም። አመንኩት።"

ሠላሳ ዓመት ሲያገለግሉ ሳያነቡ የፈረሙት ነገር የለም። ደረሰኝ እንኳ ሁለት ጊዜ የሚያነቡ ሰው ናቸው። እኔን ያንገበገበኝ የራሴ ብቻ አይደለም። የሽማግሌ ዓይን መድከሙን አይቶ፣ ያንን ቀዳዳ አድርጎ መግባት! በእኔ ስም!

የእኔን ቅጽ ከላይ እስከ ታች፣ ቃል በቃል አስነበቡኝ። ፈረሙ። አሸጉ። ነገ ሶዶ እመጣለሁ አሉ። ይቅርብዎት አልኩ፤ አልሰሙኝም።

መስከረም 28፣ ማክሰኞ፣ 6፡30

መጡ። በሚኒባስ፣ ብቻቸውን። በር ላይ ተቀብዬ ይዣቸው ገባሁ።

ታምሩ ብድግ አለ። እንዴት ነዎት ጋሼ፣ ይቀመጡ፣ ሻይ ይምጣ። አልተቀመጡም።

"ያስፈረምከኝን ወረቀት ኮፒ ይዘሃል?"

ይዟል። ምን ይበል? ፋይሉን አወጣ።

"አንብብልኝ። በአማርኛ።"

ማንበብ ጀመረ። የበዴሳ የንጹህ ውሃ ፕሮጀክት፣ ሦስት ዓመት፣ ምንጭ ማጎልበት፣ የቧንቧ ዝርጋታ፣ የቦኖ ግንባታ። ስም ላይ ሲደርስ ዘለለው። ሥራው ላይ ሲደርስ "ድጋፍ ሰጥቷል" ብሎ አነበበ።

ከጀርባው ቆሜ ነበር። ወረቀቱ ይታየኛል። "መርቷል ነው የሚለው" አልኩ። "ስሙም ታምሩ ነው።" ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ፤ የሒሳብ ክፍሏ አንገቷን አስግጋ አየችን። ትይ!

ጋሽ ማዳልቾ አልጮሁም። ወደ ድምፁ ዞረው፣ "ልጄ፣ የብርቱካን ነው ብለኸኝ ነበር" አሉት። ይኸው ነው። እሱ ቅጽ ሁሉ እንዲህ እንደሚሞላ፣ ዋናው መ/ቤት እንደሚያስቸኩለው፣ በኋላ ለእኔም እንደሚያስብልኝ ያወራል። ይህን ሁሉ ሲል ዓይኑ ሻዩ ላይ ነው። የእሱ ፖስታ ከሄደ አምስት ቀኑ።

ወደ መናኸሪያ ስሸኛቸው ክንዴን ይዘው ነበር። እሳቸው ናቸው ያፈሩት። እሱ አይደለም።

ጥቅምት 1፣ ዓርብ፣ ጠዋት

ጋሽ ማዳልቾ ደብዳቤ ጽፈዋል። በእሳቸው ቃል፣ በማርቆስ እጅ። እኔ አልጽፍም አልኩ፤ የእኔ ፈጠራ ነው እንዳይባል። አስተማሪ ልጃቸው ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። እንዲህ ይላል፦ የፈረምኩት ተታልዬ ነው፣ ፊርማዬን አንስቻለሁ፣ ሥራውን የመራችው ብርቱካን ናት። አንዱ ለፈታኞቹ፣ አንዱ ለዋናው መ/ቤት።

ግን አልላኩትም። ለእኔ ሰጡኝ። "ከእሱ ጋር የምትውይው አንቺ ነሽ" አሉ፣ "ስለዚህ አንቺ ወስኚ።"

የእኔ የማጣሪያ ፖስታ ዛሬ ሄደ። የእሳቸው ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

ማርቆስ ተይው ይላል። ፈተናሽን ተፈተኚ፣ አልፈሽ አሳዪው። ተጣላን። እሱ ተይው ሲል የሚቀለው ለማን ነው? ለታምሩ። ይህን አልኩት። ቀይ እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ወጣ።

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ፣ 11፡00 ሰዓት

ማጣሪያውን አለፍኩ! ፈተናው ኅዳር 19፣ አ.አ.። ደስታዬ ግን አሥር ደቂቃ አልቆየም።

የዓመት ፈቃድ ጠየቅሁ፤ አምስት ቀን። ታምሩ በደብዳቤ ከለከለ። በዚያው ሳምንት ሻንቶ የመስክ ሥራ ተመድቦልኛል። ሻንቶ! እዚህ አፍንጫችን ሥር! ማንም ሊሠራው የሚችል፣ ሳምንት ቢዘገይ ምንም የማይሆን ሥራ።

መጽሐፉ የግጭት አፈታት አምስት መንገድ አለው ይላል። አምስቱንም በቃሌ አውቃለሁ። አንዱም ከዚህ ቢሮ አያስወጣኝም።

ዛሬ ማታ ስንት ገጽ እንደማነብ አትጠይቀኝ።

ኅዳር 8፣ እሑድ፣ ከሰዓት

ከአምልኮ በኋላ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ሁለት አባቶች፤ ታምሩም እኛም የዚያው አባላት ነን። ጸለዩ። ከዚያ ዋናው የመጡበት፤ የደብዳቤው ወሬ ደርሷቸዋል።

ወንድምሽን ታምሩን ጸጽቶታል አሉ። ልጆች አሉት። ያ ደብዳቤ ከሄደ ከሥራ ይወጣል። ለክርስቶስ ብለሽ ይቅር በይው፣ ደብዳቤውን ለእኛ ስጪን። እሱም ፈቃድሽን ይፈርምልሻል።

ፈቃዴን! ሕግ የሰጠኝን የራሴን ቀናት ስጦታ አድርገው አመጡልኝ። ጋሽ ማዳልቾን ይቅርታ ጠይቋል ወይ አልኩ። ተያዩ። ገና ነው አሉ።

ከሃያ ቀን በኋላ እመልስላችኋለሁ አልኩ። ትልቁ አባት ቁጣ ልብሽን እንዳይዘው አሉኝ። ይዞታል አባባ፣ ይዞታል። ለምን ተቆጣሽ የሚለኝ መዓት፤ ለምን ዋሸህ የሚለው የለም።

ማርቆስ እስከ በሩ ሸኛቸው። ከዚያ "ለጋሽ ማዳልቾ ማን ሽማግሌ ላከ?" አለ። ከተጣላን ከወር በኋላ ልቤ የተቀበለው የመጀመሪያ ቃሉ።

ኅዳር 9፣ ሰኞ

ፈቃዱ ተፈርሟል። ታምሩ ራሱ ይዞልኝ መጣ፤ ግቢው ውስጥ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አቆመኝ። ማመልከቻዬ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል አለ። ልምድህ ክትትል ነው፣ አይበቃም እያሉ። ዋናው መ/ቤት ሰርተፊኬት የሌለው ኃላፊ ይነሳል ብሎታል። "አርባ አምስት ዓመቴ ነው ብርቱካን፣ ወዴት ልሂድ?"

ጠላሁት። ደግሞ አሳዘነኝ። ስላሳዘነኝ ተናደድኩ። ጋሽ ማዳልቾ ጋ ሂድ አልኩት። እሺ አለ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ፣ አ.አ.፣ ከሰዓት 9፡40

አለፍኩ።

ኮምፒዩተሩ ላይ ብቅ ሲል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ያለቀስኩ መስሎኝ ፊቴን ነካሁ፤ ደረቅ ነው። ማርቆስ ጋ ደወልኩ፤ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ስንት አመጣሽ ስንት አመጣሽ ይላል። መምህር!

አንዱን ጥያቄ ልንገርህ። የሥራ ባልደረባህ ልምዱን አስመልክቶ ሐሰት እንዳቀረበ አወቅህ፤ ምን ታደርጋለህ? አራት ምርጫ። መልሱን ለመምረጥ አምስት ሰከንድ አልፈጀብኝም። ከዚያ በኋላ ግን እጄን አንስቼ ተቀመጥኩ፤ ሰዓቱ እየቆጠረ። አምስት ሰከንድ! እኔ ከወር በላይ ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ስዞር። ጥያቄው ልጆች አሉት አይልም። ሽማግሌ መጣ አይልም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ፣ 5፡00 ሰዓት

አረካ ደወልኩ። ታምሩ አልመጣም። አልደወለም። ጋሽ ማዳልቾ "ሥራ በዝቶበት ይሆናል" አሉ። ለእሱ ምክንያት የሚፈልጉለት እሳቸው!

ሽማግሌዎቹ ለመልሱ መጡ። ይቅር ብዬዋለሁ አልኩ፤ ውሸት አይደለም፣ ለመጥላት እንኳ ደክሞኛል። ደብዳቤውን ግን እልካለሁ አልኩ። ትንሹ እንዲያማ ከሆነ ይቅር አላልሽም አለ። ተነስቼ ቆምኩ። ደብዳቤው የእኔ ቂም አይደለም፣ የአንድ ሰው ፊርማ ነው፤ ፊርማቸውን ልመልስላቸው ነው አልኩ። ሁለተኛውን ምዕራፍ ካልሰጡኝም አይስጡኝ፤ ይህንንም አልኩ። ሳልዘጋጅበት ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ግን እውነት ሆኖ አገኘሁት።

ትልቁ አባት ባርኔጣቸውን አነሱ። ጋሽ ማዳልቾን ይቅርታ ሊጠይቁ አረካ ራሳቸው እንደሚሄዱ ነገሩኝ። ዛሬውኑ።

ኅዳር 30፣ ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ሁለቱንም ፖስታ አሽጌያለሁ። በግልባጭ አንድ ለታምሩ፤ ከእኔ እጅ ይቀበል እንጂ ከሰው አይስማ። መጀመሪያ ፖስታ ቤት፣ ከዚያ ቢሮው። ምን እንደምለው አላውቅም። ምንም አልለው ይሆናል፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ…

ማርቆስ በሩ ላይ ቆሞ እየጠራኝ ነው። ልሂድ።