የአባዬ ግራ ትከሻ

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 4

ጠዋት ማትስ፣ ከሰዓት ስቱዲዮ። ዝናብ። ከስቶክዌል ባቡር ጣቢያ እስከ ቤት በሩጫ። እማዬ ከሥራ ሳትገባ ላብ የነካውን ልብሴን አጥቤ አሰጣሁ። እንዲህ ስደብቅ ሦስተኛ ዓመቴ። ዲግሪዬ «ማትስ እና ዳንስ» ነው፤ ቤት የሚታወቀው ማትሱ ብቻ። አባዬ አብረውት አውቶብስ የሚነዱ ጓደኞቹን ሁሉ «ልጄ ማትስ ናት የምትማረው» ይላቸዋል። አልዋሸም... ግማሹን ነው የነገርኩት።

ዛሬ ቲቸሯ የመጨረሻውን ፈተና ነገረችን። ለብቻ የሚሠራ ዳንስ፣ ሰባት ደቂቃ፣ ሰው ፊት። «ከቤታችሁ ከምታውቁት እንቅስቃሴ ተነሱ» አለች። እዚህ ላይ ከወደቅኩ ዲግሪው የለም፤ ማትሱም አብሮ ገደል ገባ። ከቤታችን? እኛ ቤት ማን ይደንሳል?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 7

ትናንት ኬኒንግተን፣ ሼህ አኑዋር ቤት። ሐሙስ ሐሙስ የወሎ ሰዎች እሳቸው ጋ ለዱዓ ይሰበሰባሉ። ወንዶቹ ሳሎን፣ እኛ ሴቶች መኝታ ቤት። ድቤው ሲመታ፣ መንዙማው ሲሞቅ፣ ገርበብ ባለው በር አባዬን አየሁት። በቀን አሥር ቃል የማይናገረው ሰውዬ አረንጓዴ ቆቡን እንዳደረገ ዓይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል። ቀኝ እጁ ወደ ላይ፣ ግራ ትከሻው ጣል። እንደገና ወደ ላይ፣ ጣል። እንዴት ያምራል! እንባዬ መጣ።

ከዚያ ስልኬን አውጥቼ ቀረጽኩት። አርባ ሰከንድ። ማንንም አልጠየቅኩም። ምን ነካኝ?

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 12

የአባዬን እንቅስቃሴ ስቱዲዮ ውስጥ ሞከርኩት። ቲቸሯ አስቆመችኝ። ያ ግራ ትከሻ ከየት መጣ? አለች። በጣም ነው የወደደችው። ቪዲዮውን አሳየኋት። አንቺ ስትደንሺ ከጀርባሽ ግድግዳው ላይ በትልቁ ይታይ፣ ላኪልኝ አለች። ኦኬ አልኩ፣ ላኩላት። ለምንድን ነው ሁሌ ኦኬ የምለው?

ሚካል ቆማ ትሰማ ነበር። የብሪክስተን ልጅ ናት፣ ክፍላችን ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለችው ሀበሻ እሷ ብቻ። «አባትሽ ያውቃሉ?» አለችኝ። ቦርሳዬን መዝጋት ጀመርኩ። አባቷ ቤተ ክርስቲያን ሲጸልዩ የሚቀርጽ ሰው ብታገኝ ስልኩን እንደምትሰብርበት ነገረችኝ። ቀስ ብላ ነው የነገረችኝ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 16

ሚካል ስክሪንሾት ላከችልኝ። ዲፓርትመንቱ ፖስተር ሠርቶ ኢንስታግራም ላይ ለጥፏል። ከፊት እኔ፣ ከኋላዬ ከቪዲዮው የተወሰደ አባዬ። ደብዝዟል፣ ግን ያንን አረንጓዴ ቆብ የማያውቅ የኛ ሰው የለም። ስሜም ከነአባቴ ስም አለበት። ዊጅዳን ባህሩ...

አውርዱልኝ ብዬ ኢሜይል አደረግኩ። በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ እንመልሳለን አሉ። በሁለት የሥራ ቀን እኮ የሀበሻ ዋትስአፕ ደሴ ደርሶ ይመለሳል።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

የአባዬ ስልክ እራት ላይ ሦስቴ ጮኸ። ሦስቴም ሞትኩ። አንዱ የጋራዡ ሰውዬ ነው፣ ሁለቱን አላውቅም። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ... መቼ?

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 18

ፖስተሩ ወረደ። ሠላሳ አንድ ሰው ላይክ አድርጎት ነበር፤ አንድ በአንድ ቼክ አደረግኩ፣ የምናውቀው ሰው የለም። ማንም አላየም። ዝም ብል ማለፍ እችል ነበር። ግን በሚቀጥለው ሳምንት ለፈተናው ቪዲዮው ያው ግድግዳ ላይ አይደል የሚታየው? እማዬ ሥራ ናት፣ አባዬ ዛሬ ኦፍ ነው። ሳሎን ገብቼ ፊቱ ቆምኩና ሁሉንም ነገርኩት። ዳንሱን፣ ሦስቱን ዓመት፣ ቪዲዮውን፣ ፖስተሩን።

ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

«አሳዪኝ» አለ። ስልኩን ሰጠሁት። አልተቀበለኝም። «እሱን አይደለም። አንቺን።»

በካልሲ፣ በሶፋውና በጠረጴዛው መሃል ደነስኩለት። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ስጨርስ ፊቴን እንኳ አላየኝም።

«ግራ ትከሻሽን ለምንድን ነው የምትጥይው?»

«አንተ ስለምታደርገው።»

«እሱ ከመንዙማው አይደለም፣ ዊጅዳን። ሱዳን ስንገባ ከጭነት መኪና ላይ ወድቄ ነው። ወጌሻ አልነበረም፣ ተጣሞ ገጠመ። ብችልማ ሁለቱንም እጄን ነበር የማነሳው።»

ሃያ አንድ ዓመቴ ነው። አንድ ቤት ነው የምንኖረው። አንድም ቀን አልጠየቅኩትም! የአባቴን ስብራት አሳምሬ ማርክ ልሰበስብበት...

አለቀስኩ። አላባበለኝም። ቪዲዮውን እፊቱ አጠፋሁት። ለሼህ አኑዋር ራስሽ ሄደሽ ንገሪያቸው አለ። ተነስቶ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። «አትደንሺ አልልሽም። መጥቼ አያለሁም አልልሽም። ለእናትሽ ግን አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። እኔ አልዋሽላትም።»

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 21

ለቲቸሯ ጻፍኩላት፣ እሷ ጋ ያለውም ጠፋ። ትናንት ሼህ አኑዋር ጋ ሰው ሳይመጣ ቀድሜ ሄጄ ዱዓው ላይ መቅረጼን ነገርኳቸው። «አፉ ይበሉኝ» ብዬ ጉልበታቸው ላይ ልወድቅ ስል ያዙኝ። እኛ ለዱዓ የምንነሳው ለሰው ዓይን አይደለም ልጄ፣ አሉ። አጠፋሽው? አጠፋሁት። ለሌላ ሰው ሰጥተሽ ነበር? ለቲቸሬ፣ እሷም አጥፍታዋለች። አፉ ብዬሻለሁ አሉ። ቀጥለው ማትስ ከባድ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

ለእማዬ ግን እስካሁን... ነገ እያልኩ ነው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 26

ፈተናው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ግድግዳው ባዶ። ከአባዬ የወሰድኩትን ሁሉ አውጥቼ ሰባቱን ደቂቃ እንደ አዲስ ሠርቼዋለሁ፤ በአምስት ቀን የተሠራ መሆኑ ያስታውቃል። መሃል ላይ አንዴ ጠፋብኝ። ሁለት እጄን አነሳሁ፣ ቀጠልኩ። አባዬ አልመጣም። በሩን ግን አሥር ጊዜ አየሁ።

ሲያልቅ ቲቸሯ ጠራችኝ። ታልፊያለሽ፣ ግን ትከሻውን ለምን ተውሽው? ምርጡ እሱ ነበር አለች። «የሰው ነው» አልኳት። አልገባትም።

እራት ላይ እማዬ እንደ ሁልጊዜው ሳህኔን እየሞላች «የት ዋልሽ?» አለች። ላይብረሪ... ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። አባዬን አየሁት። እሱ ሳህኑን ያያል።

«ዳንስ ተፈትኜ መጣሁ» አልኩ። «ሦስት ዓመቴ ነው፣ እማዬ።»

ጭልፋው እጇ ላይ ቀረ። የምን ዳንስ? አንተ ታውቃለህ? ለማን ብዬ ነው ሌሊት እየተነሳሁ የሰው ቢሮ የምጠርገው? አንዱን ሳልመልስ ሌላው ይመጣል። አንድ በአንድ መለስኩ።

አባዬ አንድ ቃል አላገዘኝም። ቀናም አላለ። ግን እራቱን ከጨረሰ በኋላ ተነስቶ አልሄደም፤ እኔ ተናግሬ እስክጨርስ አጠገቤ ተቀመጠ።