ቤተ መጻሕፍቱን ከሰዓት በኋላ የከፈቱት አቶ ሙሕሲን ዓብዱሰመድ

አቶ ሙሕሲን ከአባታቸው ከአቶ ዓብዱሰመድ ዩሱፍና ከእናታቸው ከወ/ሮ ናዒማ አደም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1953 ድሬዳዋ ተወለዱ። ስድስተኛ ክፍል ጨርሰው በ1970 ጅቡቲ ገቡ። ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር በአጎታቸው ሱቅ፣ በኋላም በወደቡ መጋዘን ረጅም ዘመን ሠሩ። በ1979 ወ/ሮ ሩቅያ ኢስማኤልን አግብተው ኢማድንና ጀዋሪያን ወለዱ።

በ2001 የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሲጀምር ዕቃ ደርዳሪ ብሎ ቀጠራቸው። ያኔ ቤተ መጻሕፍት የሚባለው አንድ ክፍልና በእርዳታ የመጣ አርባ ካርቶን መጽሐፍ ነበር። አቶ ሙሕሲን በወደብ ልማዳቸው ከባዱን ከታች፣ ቀላሉን ከላይ ደረደሩት። ሕክምናው ከሕጉ፣ አረብኛው ከፈረንሳይኛው ተደባለቀ። ኃላፊዋ ወ/ሮ ውዳድ አይተው፣ «ጋሼ ሙሕሲን፣ እኛ እኮ መርከብ አንጭንም» ብለው ሳቁ። ሳያሳፍሩም በቁጥር መደርደርን አስተማሯቸው። ይህን ውለታ እስከ መጨረሻው ያነሱ ነበር። አንዱ ክፍል ሦስት ሆነ፤ ከዚያም ሁለት ፎቅ። ኮምፒውተርም ገባ።

ችግሩ በሩ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ከተማ ሲደርስ ሁሉም ይዘጋል፤ ቤተ መጻሕፍቱም ይዘጋ ነበር። አቶ ሙሕሲንም ቃሚ ነበሩ። ይህ አይደበቅም።

በ2008 አንዲት የአርሂባ ሰፈር ተማሪ በተዘጋው በር ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታነብ አገኟት። የልጅቷ ቤት ሁለት ክፍል ነው፤ ሰዉ ዘጠኝ። «ጋሼ፣ የእናንተ ጫት ሲመጣ የእኛ መጽሐፍ ለምን ይታሰራል?» አለቻቸው። በማግስቱ ጫቱን ትተው፣ ከሰዓት በኋላ እኔ እከፍታለሁ ብለው ወ/ሮ ውዳድን ቁልፍ ጠየቁ። ወ/ሮ ሩቅያ፣ «አቦ፣ ሐሙስን አይሻገርም» ብለው ነበር። ዘጠኝ ዓመት ተሻገረ። በመጀመሪያው ሳምንት የመጡት አራት ተማሪዎች ነበሩ። በኋላ ወንበር ጠፋ፤ ዩኒቨርሲቲውም ለከሰዓት በኋላው ሁለተኛ ሠራተኛ መደበ።

ከ2015 ጀምሮ ኩላሊታቸውን ታመሙ። እስከዚህ ዓመት ጥር ድረስ ግን ከሥራ አልቀሩም። ማክሰኞ መጋቢት 14 ቀን 2017 ከሱብሒ ሰላት በኋላ በቤታቸው አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸው፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውና ታላቅ ወንድማቸው በሕይወት አሉ።

ወ/ሮ ውዳድ ለቀብሩ ሲባል ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጋ እንደሆነ ቤተሰቡን ጠይቀዋል። ወ/ሮ ሩቅያ፣ «ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፤ አይዘጋ» ብለዋል። ሁለተኛው ሠራተኛ አቶ ባንቴ ከእኛ ጋር ወደ ፔካ 12 መቃብር ያልመጡት በዚህ ምክንያት ነው። ማንም እንዳይቀየማቸው።

ያስተማሯቸውን፣ ያስታመሟቸውንና ሊሸኟቸው የመጡትን ሁሉ ቤተሰቡ ያመሰግናል። አላህ ወንጀላቸውን ይማርላቸው፤ ማረፊያቸውን ሰፊና ቀዝቃዛ ያድርግላቸው።