የላክሁልህን ማር እንዳትቀምሰው

ለልጄ ለክንዱ፣

እንደምን ከረምህ? ሚስትህ እህተ ማርያም፣ ልጆችህስ የሱዳኑን የገዳሪፍን ሙቀት እንደምን ቻሉት? እኛ በእግዜር ቸርነት አለን፤ አንዲት ብቻ ጎድላብናለች። ከሁሉ በፊት ግን፣ ያ ውኃ ጥም ለቀቀህ ወይ? በመጋቢት የጻፍኸውን፣ "ውኃ አልጠግብ አልሁ፣ ሱሪዬም ሰፋኝ" ያልኸውን፣ ደጋግሜ አነበብሁት።

ቆመህ እንደሆነ ተቀመጥ፣ ልጄ። እኅትህ አልጣሽ በግንቦት ባታ ዐረፈች። ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አባቴ ፊደል ያስቆጠሩኝ ለዚህ ኖሯል።

አምና ክረምት ነው የጀመራት። ትጠጣለች፣ ትሸናለች፣ ትከሳለች። የሸናችበት ላይ ጉንዳን ሲሰፍር አይታ "እምዬ፣ ቀፎ ሆንሁልሽ" ብላ ሳቀች፤ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። የከሳ ሰው በማር ይነሣል ብዬ ጠዋት ብርዝ፣ ማታ ማር ሰጠኋት። ሑዳዴ ገብቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስትጾም ጥሙ ቀለል አላት፤ ዓይኗም በራ። እኔ ግን አጥንቷን አይቼ ፈራሁ። የነፍስ አባታችን እግር ላይ ወድቄ ጾሙን አስፈታኋት። "ተዪኝ እምዬ፣ ጾሙ ይሻለኛል" አለች። "የሞተ ሰው አይጾምም" ብዬ ብርዙን በጠዋት መለስሁባት።

በሚያዝያ መጨረሻ ራሷን ስትስት በቃሬዛ ወደ ጣሊያኑ ሐኪም ወሰድናት። ቤታችንን ያቃጠሉት ሰዎች ደጅ ተንበረከክሁ፤ ምን ላድርግ። ሐኪሙ በአስተርጓሚ ነገረኝ። ቆሽት ውስጥ የደሙን ስኳር የሚያበርድ መድኃኒት የሚያፈልቁ ጥቃቅን ነገሮች አሉ አለ። ስኳሩ ሲበዛ ያለ ዕረፍት ያፈልቃሉ። ወራት ከዘለቀባቸው ይዝላሉ፤ ያን ጊዜ ቢያርፉ ያገግማሉ። ካላረፉ ግን ያው ስኳር ይመርዛቸዋል፤ የሞተውም አይመለስም። አስተርጓሚው አንገቱን ደፍቶ "እሜቴ፣ ከቀንበር ያልተፈታ በሬ በሉት" አለኝ። ጾሙ በሬውን ፈትቶት ነበር። መልሼ የጠመድሁት እኔ ነኝ። የሚያቆያት መርፌ በአገራቸው አለ፣ እዚህ ግን የለም አለኝ። በአራተኛው ቀን እጄ ላይ አለቀች።

አሁን ስማኝ። "ለክሳቴ ማር ላኪልኝ" ብለኸኝ በፋሲካ ሰሞን በነጋዴው በቢሆነኝ እጅ አንድ ቅል ሙሉ ሰድጄልሃለሁ። አልጣሽ ከበላችበት ቀፎ የተቆረጠ ነው። ደርሶህ እንደሆነ ድፋው። ጀምረኸው እንደሆነም ዛሬውኑ ተው፤ አልቆጣህም። እዚያ የእንግሊዝ ሐኪም አለ ይባላል፤ ሽንትህን አሳየው። የአንተ በሬ ገና ዝሎ እንደሆነ እንጂ እንዳልሞተ ተስፋ አለኝ።

ወንድምህ ተስፋው ሰላም ብሎሃል። የአልጣሽ ልጅ አደይ እጅ ትነሣለች። እህተ ማርያምን ሳምልኝ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳምልኝ። ይህን የያዘው ሰው ወንዙ ሳይሞላ የሚሻገር የመጨረሻው ነው። እስከ መስቀል መልስህ አይደርሰኝም፤ ክረምቱን ሙሉ ማሩን ደፍተኸው ይሁን በልተኸው ሳላውቅ እቀመጣለሁ።

እናትህ ንግሥቴ
ቡሬ፣ ሰኔ ፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.