ለብረት ሰው ድንጋይ ምኑ ነው?

ሐምሌ ፬፣ ከቀትር በኋላ

ዝናብ። ዛሬም ጥሩዬ ጠላ ቤት ለምሳዬ ተረት ሳወራ ዋልሁ። ጣሊያን ጋዜጣችንን ከዘጋ ወዲህ እንጀራዬ ይኸው ነው፤ ታውቂያለሽ፣ ማስታወሻዬ። ታሪኩ ገና ስለሚመጣ ዘመን ነው። ከጨረቃ የወረዱ ወራሪዎች አገር ይይዛሉ። ከብረት የሠሩት ወታደር መንደር ያቃጥላል፤ ኋላ ልብ ያወጣና ይጸጸታል።

ባንዳው ታፈረ ዋንጫውን አልነካም። ስወጣ ተከተለኝ። «ብረቱ ምሕረት ያገኛል ወይ?» አለኝ። ነገ ትሰማለህ አልሁት። እኔም አላውቅም።

ሐምሌ ፭

የብረቱን ሰው እንደ አገራችን ወግ ድንጋይ አሸክሜ ለይቅርታ ሰደድሁት። ተበዳዮቹ እግር ሥር ወደቀ። አማረልኝ ብዬ ነበር።

ጥሩዬ ማንቆርቆሪያዋን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ ለብረት ድንጋይ ምኑ ነው? ላባ አሸክመውት መጡ እኮ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ታፈረ ብቻ አልሳቀም። እውነቷን ነው። ስንት ዘመን ጽፌ ይህ እንዴት አመለጠኝ? ብረትን የሚከብደው ምንድን ነው?

ሐምሌ ፮፣ ማለዳ

ጭንቅ። ታፈረ ቤቴ መጣ። ጣሊያንን ከድቶ ወደ አርበኞቹ መግባት ይፈልጋል። አለቃቸው የጥሩዬ ወንድም ነው፤ በደብረ ኤልያስ በኩል ጫካ ውስጥ። መንገዱን የምታውቅ እሷ ናት። ባሏ በተገደለ ዕለት ጎጆዋን የለኮሰው ደግሞ ራሱ ታፈረ ነው። ታዝዤ ነው ይላል። ሊሆን ይችላል። ወይም መንገዱን እንዲያይ ጣሊያን ልኮት ይሆናል። ዓይኑን አየሁት። ምንም አላነበብሁበትም።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ሁሉንም ነገርኋት። አላለቀሰችም። «ጠመንጃውን ለእኔ ትቶ ባዶ እጁን ይሂድ፤ ወንድሜ ቢተኩስበትም አይመልስ» አለች። «ድንጋዩን አልፈልገውም።»

ታፈረ ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። እሺ አለ። እሺታውም አስፈራኝ፤ ሰላይም እሺ ይላል። ንጹሕ ከሆነ ለሞት ሰደድሁት። ሰላይ ከሆነ የጫካውን ሰው ሁሉ አስፈጀሁት። የማማክረው ሰው የለኝም። አንቺ ብቻ፣ ማስታወሻዬ።

ሐምሌ ፯፣ ማለዳ

ጠመንጃው ጥሩዬ ጎተራ ውስጥ፣ ከእህሉ በታች። ቢፈተሽ የምትሰቀለው እሷ ናት። መንገዱን ለእሱ አልነገረችውም፤ ለእኔ እንጂ። ስለዚህ ከፊት የምሄደው እኔ ነኝ። ወንድሟ ከተኮሰ ቀድሞ የሚያገኘው እኔን ነው። ታፈረም ሌላ ሰው ካስከተለ፣ መንገዱ እኔ ጋ ያበቃል፤ አንዲት እርምጃ አልመራም።

ዝናቡ አባራ። ታፈረ በር ላይ ቆሟል፤ ጋሼ እንሂድ ይላል። እጁ ባዶ ነው። ብረትን የሚከብደው ይህ ይሆን?