ከመንገዱ ላይ ያወጣሁት ስምህ

ውድ ወንድሜ ቢሻው፣

ኮምቦልቻ እንዴት ይዛሃለች? ሙቀቱስ አልከበደህም? እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ክረምቱ ወጥቷል፣ ጤፉ ማሸት ጀምሯል። ቢሮው ያው ቢሮ ነው፤ ጥበቃው ንጉሡም አሁን ድረስ በሩን የሚከፍትልኝ ሁለት ጊዜ ካንኳኳሁ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ በስልክ ልነግርህ እችል ነበር። ግን አውቅሃለሁ፤ ገና ግማሹን ሳልናገር «ተይው አሚራ፣ ያለፈ አለፈ» ብለህ ወሬ ታስቀይረኛለህ። እኔ ደግሞ እስከ መጨረሻው መናገር እፈልጋለሁ። ወረቀት አያቋርጥም ብዬ ጻፍኩልህ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። አንተ የጤና ኬላዎቹን የእግር መንገድ ካርታ እንድትሠራ ስትታዘዝ፣ እኔ የጤና ጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ያቺን የምትሄድበትን መንገድ የምትመዘግብ ቢጫ ጂፒኤስህን አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ከመካነ ሰላም እስከ ከላላ፣ ከዚያም ወደ ወግዲ፣ አንዳንዴ በበቅሎ፣ አብዛኛውን ጊዜ በእግርህ ትሄድ ነበር። ስትመለስ ጭቃ የያዘ ጫማህን በር ላይ አውልቀህ የሄድክባቸውን መንገዶች ወደ ኮምፒውተሩ ታስገባለህ። እኔ ከጎንህ ቆሜ ቀዮቹ መስመሮች ካርታው ላይ እንደ ሥር ሲዘረጉ አያለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ ለወር ስብሰባ ሲመጡ ኮምፒውተሩን ከበው «የኔ ቀበሌ የታለ?» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ከመካከላቸው በዛች ሳቀችብን። «እናንተዬ፣ ካርታውስ ያማረ ነው። ግን ገደል አፋፍ ላይ መንገድ ሲጠፋኝ ይህን ኮምፒውተር በጀርባዬ ልዘለው?» አለች።

ያን ዕለት ነው ቃል የተገባባነው። ካርታውን የምትሠራበት ፕሮግራም ለኮምፒውተር እንጂ ለስልክ አልተሠራም። ግን ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ የፈለገ ሰው ወስዶ ይቀይረዋል፣ ለሌላ ያስተላልፈዋል። የሚጠየቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው። የቀየርከውን ኮድ አንተም ክፍት ታደርጋለህ፣ በሥራው የተሳተፉ ሰዎችን ስም አታጠፋም። ይህን ያነበብኩልህ እኔው ራሴ ነኝ። አንተም «ጥሩ ሕግ ነው» አልክ። «እንግዲያው አንቺ ስልክ ላይ አውርጂው፣ እኔ መንገዱን ልጨርስ።»

ምን እሠራ እንደነበር በደንብ አስረድቼህ አላውቅም። ስትጠይቀኝ «እየተገነባ ነው» እልሃለሁ፤ አንተም «ቤት ቢሆን እስካሁን ጣራው ይመታ ነበር» ትላለህ። ነገሩ እንዲህ ነበር። ለኮምፒውተር የተሰናዳው ፕሮግራም ስልክ ላይ አይሄድም፤ ከኮዱ ተነስቶ ለስልክ እንደ አዲስ መገንባት አለበት። እሱ ደግሞ ብቻውን አይቆምም። ሃያ ሦስት ሌሎች ትንንሽ ፕሮግራሞችን ተደግፎ ነው የሚሠራው፤ እነሱም አንድ በአንድ መገንባት ነበረባቸው። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይበላሻል። አንድ ግንባታ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መብራት ይሄዳል። በመጨረሻ ስልኩ ላይ ሲከፈት ደግሞ ፊደላችን ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። «ከላላ» ማለት ሦስት ሳጥን ሆነ። የፊደሉን ቅርጽ አብሬ ማሸግ እንዳለብኝ እስክረዳ ሁለት ሳምንት ሄደ። የኮምፒውተሩ ቁልፎችም በስልኩ ላይ የምስር ፍሬ አክለው ነበር። በዛች በአውራ ጣቷ አንዱን ስትነካ ሦስቱ ይከፈታሉ። «ይሄ ለዶሮ ነው የተሠራው?» አለችኝ።

ሰባት ወር እንዲህ ሄደ። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ካርታው እጄ ላይ ተከፈተ። መስመሮቹም፣ ፊደሉም፣ ቁልፎቹም በቦታቸው ነበሩ፤ ኔትወርክም አላስፈለገውም። ሰኞ ጠዋት ስልኬን ይዤ እየሮጥኩ መጣሁ። ንጉሡ በሩን ከፍቶ ፊቴን አየና፣ «ቢሻውን ነው? ቅዳሜ በደሴው መኪና ሄደ እኮ። አልነገረሽም?» አለኝ።

አልነገርከኝም።

የዝውውር ደብዳቤህ ዓርብ ማታ እንደደረሰህና ሰኞ ሥራ መጀመር እንደነበረብህ የሰማሁት ኋላ ነው። ያን ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወልክልኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ስምህን እያየሁ ዝም እስኪል ጠበቅሁ። ወላሂ፣ እንደዚያ ቀን ልቤ ደንድኖ አያውቅም። ሰባት ወር አብሮ የለፋ ሰው ጥሎኝ ሄደ አልኩ። «ለምን?» ብዬ ልጠይቅህ ግን አልፈለግሁም፤ መልስ ቢኖርህስ ብዬ ፈራሁ መሰለኝ።

አሁን ላንተ ወዳልነገርኩህ ልምጣ።

ከእያንዳንዱ መንገድ ጋር የተያያዘች አንዲት ገጽ እንዳለች ታውቃለህ፤ የሄደው ሰው ስም፣ የሄደበት ቀንና ማስታወሻው የሚጻፍባት። ስልኮቹ ላይ የሚጫነውን የመጨረሻ ጥቅል ሳዘጋጅ እነዚያን ገጾች በሙሉ አወጣኋቸው። ስልኮቹ አሮጌ ስለሆኑ እንዲቀልላቸው ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ውሸት ነው። ገጾቹ ሁሉ ተደምረው አንድ ፎቶግራፍ አያክሉም ነበር። ያወጣኋቸው ስምህ ስለነበረባቸው ነው።

ፕሮግራሙን ለሚያስተባብረው የውጭ አገር ሰው ሥራውን በላክሁለት ጊዜ አመስግኖ ጻፈልኝ፤ ከዚያም ጠየቀ። «መንገዶቹን የሰበሰባቸው ማነው? የስም ዝርዝሩ ባዶ ነው።»

«እኔ» ብዬ መለስኩ።

አንዲት ቃል ናት። የማላውቀው ሰው ባረከኝ፣ እኔም ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ካርታውን በአሥራ አንድ ሠራተኞች ስልክ ላይ ጫንኩ። ደስታቸውን ብታይ! በዛች «አሁን የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው ኪሴ ውስጥ አለ» እያለች ለሁሉም ታሳይ ነበር። እኔም ቀስ በቀስ የራሴን ውሸት ማመን ጀመርኩ።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። በዛች ካለችበት ቀበሌ አንዲት ሴት ምጥ ጠናባት። አምቡላንስ የሚገባበት መንገድ ስለሌለ ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸከሟት። በዛች ስልኳን ስታይ ካርታው አጭሩን መንገድ አሳያት፤ በቀይ ውኃ ወንዝ መልካ፣ በእግር በሚሻገሩበት በኩል፣ አልፎ ቀጥ ብሎ ወደ ጤና ጣቢያው የሚወጣውን። ወረዱ። ወንዙ ዳር ሲደርሱ የፊተኞቹ ሱሪያቸውን ሰብስበው እግራቸውን ሊያስገቡ ነው። ማዶ ማሽላ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ከማማቸው ላይ ሆነው ጮኹ።

«ኧረ ተመለሱ! ትናንት በሬ ወስዷል! ነፍስ ይዛችሁ ወዴት ነው?»

ተመለሱ። በላይኛው ድልድይ ዞረው ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ተጓዙ። ሴትየዋ ጤና ጣቢያ በገባች በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሴት ልጅ ተገላገለች፤ እናትም ልጅም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ይህን አስቀድሜ የነገርኩህ እንዳትደነግጥ ነው። እኔ ግን አሁንም፣ ሽማግሌው ያን ዕለት ማማቸው ላይ ባይወጡ ኖሮ እያልኩ እደነግጣለሁ።

በዛች ለወር ስብሰባ ስትመጣ አልጮኸችብኝም። ወንበር ስባ ተቀመጠችና ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረች።

«አሚራ፣ ይህን መንገድ የሄደበት ማነው?»

ስልኩን አንስቼ መስመሩን አየሁት።

«ልወቅሰው አይደለም። መቼ እንደሄደበት ልጠይቀው ነው። በበጋ ይሁን በክረምት ካርታው አይናገርም።»

«እኔ አይደለሁም» አልኳት። «የሄደበት ቢሻው ነው።»

«ታዲያ ስሙ የታለ?»

ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን የአንተን ካርታ ከፍቼ መልካውን ነካሁት። ገጽህ ወጣች። በዛች ጮክ ብላ አነበበችው። «ቀይ ውኃ መሻገሪያ። የሄድኩት በጥር ነው፤ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ሰው ይበላል ይላሉ። በላይኛው ድልድይ ይዞራሉ። ቢሻው።»

ስምህን ሳወጣ ማስጠንቀቂያህም አብሮ ወጥቶ ነበር። ስም እንዲጻፍ የሚጠየቀው ለምስጋና ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሰው ሲቸግረው የሚጠይቀውን እንዲያውቅም ነው።

በዛች ተቆጥታ ብትሄድ ይቀለኝ ነበር። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካከለችና፣ «በይ ተነሽ፣ አስተካክይው። ሽማግሌውንም ሄደን እናመስግን» አለች።

በሳምንቱ አብረን ወረድን። ሽማግሌው አያ ሞላ ይባላሉ። መጀመሪያ የጠየቁት «ያቺ ልጅስ? ተገላገለች?» ብለው ነው። መገላገሏን ስንነግራቸው እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ከዚያ ስልኩን ተቀብለው አገላብጠው አዩትና፣ «ታዲያ ካርታችሁ ዓይን የለውም?» አሉኝ።

«ነበረው፣ አያ ሞላ። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

አላፌዙብኝም። ዱላቸውን አንስተው ወንዙን ይዘው ግማሽ ቀን መሩን። የትኛው መልካ በሰኔ እንደሚዘጋ፣ የትኛው እስከ ሐምሌ አጋማሽ እንደሚቆይ፣ የትኛው ዳገት በዝናብ እንደሚናድ ነገሩን። በዛች እዚያው በስልኳ መዘገበች። ስንለያይ፣ «ስምዎን ልጻፍ?» አልኳቸው።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አንቺ ጻፊልኝ። ግን ሞላ ብቻ ብለሽ እንዳትተዪው። በዚህ አገር ሞላ ሞልቷል። ሞላ የኔነህ በዪ። መንገዱን ያሳየኝ አባቴ ነው።»

ተመልሼ ለውጭ አገሩ ሰው እውነቱን ጻፍኩለት፤ በግል ሳይሆን ፕሮግራሙን የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ በሚያነቡት ገጽ ላይ። «መንገዶቹን የሰበሰበው ቢሻው ነው። ስሙን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ ስጠየቅም ዋሽቻለሁ» አልኩ። መልሱ በማግስቱ መጣ። «የሠራሽውን ስህተት ማወቃችን ጥሩ ነው። የተስተካከለውን ስትጨርሺ ላኪልን» ይላል። ሌላ ምንም አላለኝም።

ሁሉንም ገጾች መልሼ አዲስ ጥቅል ገነባሁ። አሁን መልካዎቹ የየራሳቸው መዝጊያ ጊዜ ሲደርስ ካርታው ላይ ጥቁር ይሆናሉ፣ ፕሮግራሙም በዚያ መንገድ አልመራም ብሎ በአማርኛ ይናገራል። ከውጭ አገሩ ሰው ጥያቄ መጥቶልኛል፤ ክረምት የሚያስቸግራቸው ሌሎች አገሮችም ይህን ጨምረው ሊጠቀሙበት ይፈልጋሉ። «ስለ ፕሮግራሙ» የሚለውን ገጽ ስትከፍተው የመጀመሪያው ስም ያንተ ነው። ከሥር በዛች፣ ከዚያ ሞላ የኔነህ። የኔ ስም ያለው «ለስልክ የገነባችው» በሚለው ሥር ብቻ ነው፤ ቦታው እሱ ስለሆነ።

ቢሻው፣ ስልክህን ባለማንሳቴ፣ ስምህን በማጥፋቴ፣ ድካምህን የኔ በማለቴ ይቅር በለኝ። አንተም ሳትሰናበተኝ በመሄድህ ቅር አሰኝተኸኛል፤ እሱን ደግሞ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ። ያውም አንተ ሳትጠይቀኝ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ወደ ወግዲ የሚወስደው የመጨረሻው መንገድህ ሳያልቅ አፋፉ ላይ ቆሞ ቀርቶ ነበር፤ የዝውውር ደብዳቤህ ቀድሞህ። ባለፈው ሳምንት ፈቃድ ወስጄ በእግሬ ሄድኩበት። አዎ፣ እኔ፤ ከወንበር ተነስታ የማታውቀው አሚራ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ተረከዜ ተላጠ፣ አንድ ውሻ አባረረኝ፣ ዳገቱ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ደግሞም እንዴት ያምራል፣ ለምን አልነገርከኝም? ተመልሼም የመንገዱን ገጽ እንዲህ ብዬ ሞላሁ። «ከአፋፉ እስከ ወግዲ። በጥቅምት፣ ደረቅ። ሦስተኛው ኮረብታ ላይ ውኃ አለ። የሄደችው አሚራ።»

አንድ መስመር ናት፤ እውነት ናት።

በጤና ቆይልኝ፤ እናትህን ሰላም በልልኝ።

እህትህ አሚራ
ከመካነ ሰላም፣ ጥቅምት